ጎተራው ሰፊ፣ ቆጣሪው አጭር፦ አሮጌ ኮምፒውተሮችና የኔትወርክ ማከማቻ ገደብ

አቃቂ ቃሊቲ ከአዲስ አበባ 11 ክፍለ ከተሞች አንዱ ሲኾን በከተማዋ ደቡባዊ ዳርቻ ይገኛል። ፋብሪካው፣ መጋዘኑ፣ የጭነት መኪና ማቆሚያውና የአርሶ አደሩ ማሳ ጎን ለጎን የሚታዩበት አካባቢ ነው። ለገጠሩ ኑሮ ቅርብ የኾኑ ተቋማትም መቀመጫቸው ቃሊቲ ነው። የኮርማዎች አባለዘር ተሰብስቦ በፈሳሽ ናይትሮጅን፣ ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በኾነ ቅዝቃዜ የሚጠበቅበት ብሔራዊ የሰው ሠራሽ ማዳቀያ ማዕከል የተቋቋመው እዚህ ነው። የገንዲ በሽታን የሚያስተላልፈው የቆላ ዝንብ በብዛት ተራብቶ ወንዶቹ በጨረር የሚመክኑበት ማዕከልም በዚሁ በቃሊቲ ተገንብቷል።

የእንዲህ ዓይነት ሥራዎች የጀርባ አጥንት መዝገብ ነው። የአንድ ኮርማ የዘር ሐረግ ዛሬ ተጽፎ ነገ የሚጣል አይደለም፤ ከዓመታት በኋላ የተወለደች ጥጃ አባቷ ማን እንደኾነ ለማወቅ ያው መዝገብ ይፈለጋል። የመሬት ይዞታ መዝገብም እንዲሁ ነው። አንድ አርሶ አደር ከጎረቤቱ ጋር በወሰን ሲከራከር፣ አንዲት እናት የባለቤቷን ይዞታ ስትወርስ፣ አንድ ወጣት መሬት ሲያከራይ የሚገለጠው ከዓመታት በፊት የተጻፈው ነው።

መዝገቡ ከወረቀት ወደ ኮምፒውተር ሲገባ ግን አዲስ ጥያቄ ይነሳል። ብዙ ቴራባይት የሚይዝ የኔትወርክ ማከማቻ ተገዝቶ፣ ከ15 ወይም ከ20 ዓመት በፊት ከተገዛ ኮምፒውተር ጋር ሲገናኝ ያልተጠበቀ ነገር ይታያል። ኮምፒውተሩ ማከማቻውን ጨርሶ አያየውም፤ ወይም ከአቅሙ እጅግ ያነሰ አድርጎ ያሳየዋል፤ ወይም ባዶ ኾኖ ሳለ "ቦታ የለም" ይላል። ከዚህም የከፋው፣ ምንም ሳይናገር መረጃን በመረጃ ላይ ሊጽፍ ይችላል።

ይህ ጽሑፍ የችግሩን ምንጭ፣ ገደቡ የት የት እንዳለና መዛግብት ሳይጠፉ አሮጌውን ከአዲሱ ጋር ማገናኘት እንዴት እንደሚቻል ያብራራል።

ቆጣሪው ሲሞላ

ነገሩን ለመረዳት የውኃ ቆጣሪን ማሰብ ይበቃል። የአቃቂ የከርሰ ምድር ውኃ ጉድጓዶች ለአዲስ አበባ የመጠጥ ውኃ ከሚያቀርቡት ምንጮች ውስጥ ናቸው። ውኃው በየቤቱ ሲደርስ በቆጣሪ ይለካል። አምስት አኃዝ ያለው ቆጣሪ 99999 ላይ ሲደርስ ቀጣዩ ቁጥር 100000 አይኾንም፤ ወደ 00000 ይመለሳል። ውኃው አላለቀም፤ ቧንቧውም አልጠበበም። ያለቀው የቆጣሪው የአኃዝ ቦታ ብቻ ነው።

ኮምፒውተርም እንዲሁ ነው። ዲስክ መረጃ የሚይዘው በትናንሽ ክፍልፋዮች ተከፍሎ ሲኾን ለረጅም ዘመን የአንዱ ክፍልፋይ መጠን 512 ባይት ነበር። ኮምፒውተሩ ለእያንዳንዱ ክፍልፋይ ተራ ቁጥር ይሰጣል። ተራ ቁጥሩ የሚጻፍበት ቦታ 32 ቢት ከኾነ ሊቆጠር የሚችለው 4,294,967,296 ክፍልፋይ ብቻ ነው። ይህ በ512 ሲባዛ 2,199,023,255,552 ባይት ይኾናል። በገበያው አጠራር "የ2 ቴራባይት ገደብ" የሚባለው ይኸው ነው።

አንዳንድ ፕሮግራሞች ደግሞ ከ32ቱ ቢት አንዱን ለመደመሪያና ለመቀነሻ ምልክት ይመድቡታል። ለቁጥር የሚቀረው 31 ቢት ብቻ ስለሚኾን እስከ 2,147,483,647 ድረስ ይቆጥራሉ። በባይት ሲቆጠር ይህ 2 ጊጋባይት ገደማ ነው። እንግዲህ 2 ጊጋባይት፣ 4 ጊጋባይትና 2 ቴራባይት የሚባሉት ገደቦች በዘፈቀደ የተመረጡ አይደሉም። ሁሉም ለቁጥር ከተመደበው ጠባብ ቦታ የተወለዱ ናቸው።

ገደቦቹ ከየት መጡ?

ሠሪዎቹን ማማት ተገቢ አይኾንም። ዲስክን በክፍል በክፍል የሚመዘግበውና በተለምዶ "ኤም ቢ አር" የሚባለው ሠንጠረዥ የመጣው እ.ኤ.አ በ1983 ከአይ ቢ ኤም ፒሲ ኤክስ ቲ ኮምፒውተር ጋር ነው። የዚያ ኮምፒውተር ሃርድ ዲስክ የሚይዘው 10 ሜጋባይት ብቻ ነበር። ሠንጠረዡ ሊቆጥር የሚችለው ከዚያ ዲስክ ከ200 ሺህ እጥፍ በላይ ስለነበር በጊዜው ማለቂያ የሌለው ይመስል ነበር። ኾኖም እ.ኤ.አ በ2009 ባለ 2 ቴራባይት፣ በ2010 ደግሞ ባለ 3 ቴራባይት ሃርድ ዲስክ ለገበያ ቀረበ። ማለቂያ የለውም የተባለው ቁጥር በ27 ዓመት ውስጥ አለቀ።

ከዚያ በፊትም ሌሎች ገደቦች ታልፈዋል። የዶስና የመጀመሪያው ዊንዶውስ 95 የፋይል አደረጃጀት የኾነው ፋት 16 አንድን የማከማቻ ክፍል፣ ማለትም ቮልዩም፣ ከ2 ጊጋባይት በላይ አያደርስም ነበር። ከሲስተም 7.5 በፊት የነበሩ የማኪንቶሽ ኮምፒውተሮችም ከ2 ጊጋባይት የሚበልጥ ቮልዩም አይቀበሉም ነበር። እ.ኤ.አ በ1996 የመጣው ፋት 32 ቮልዩሙን አሰፋው፤ የአንድ ፋይል መጠን ግን ከ4 ጊጋባይት እንዳያልፍ አድርጎ ተወው። ይህ ገደብ ዛሬም በብዙ ፍላሾች ላይ አለ።

ሌላው ገደብ በዲስኩና በኮምፒውተሩ መካከል ያለው ነው። አሮጌዎቹ ማገናኛዎች ክፍልፋዮችን የሚቆጥሩት በ28 ቢት ስለነበር ከ137 ጊጋባይት በላይ አያዩም። ዊንዶውስ 2000 እና የመጀመሪያው ዊንዶውስ ኤክስፒ አስፈላጊው ማሻሻያ ሳይደረግላቸው ከዚያ የበለጠ ዲስክ ቢሰጣቸው መረጃ ሊበላሽ እንደሚችል ማይክሮሶፍት አስጠንቅቆ ነበር።

የአደጋው ባሕርይ ከውኃ ቆጣሪው ጋር ይመሳሰላል። ቁጥሩ ሞልቶ ወደ ዜሮ ሲመለስ ኮምፒውተሩ ቀጣዩን መረጃ የሚጽፈው በዲስኩ መጀመሪያ ላይ ነው። በዲስኩ መጀመሪያ ላይ ያለው ደግሞ ብዙውን ጊዜ የዲስኩ ማውጫ ነው። ማውጫው ሲጠፋ መዝገቡ በሙሉ የሚገኝበት መንገድ ይጠፋል። ጥፋቱ የሚታወቀውም በተጻፈበት ቀን ሳይኾን መዝገቡ በተፈለገበት ቀን ነው።

የመሬት መዝገብ ለምን ገደቡን ያልፋል?

የጽሑፍ መዝገብ ብቻ ቢኾን ኖሮ ጥቂት ቢሮዎች ብቻ ወደ እነዚህ ገደቦች ይደርሱ ነበር። ነገሩን የለወጠው ምስል ነው።

በኢትዮጵያ የገጠር መሬት አስተዳደርና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 456/1997 የገጠር መሬት እንዲለካና ባለይዞታውም የማረጋገጫ ደብተር እንዲያገኝ ደንግጓል። ይህ አዋጅ በኋላ በአዋጅ ቁጥር 1324/2016 ተተክቷል። በከተሞች ደግሞ የከተማ መሬት ይዞታ ምዝገባ አዋጅ ቁጥር 818/2006 ወጥቷል። በመጀመሪያው ደረጃ የገጠር ምዝገባ ማሳው በገመድና በአዋሳኝ ስም ይመዘገብ ነበር። በሁለተኛው ደረጃ ግን የማሳው ወሰን ከአየር ወይም ከሳተላይት በተነሣና በተስተካከለ ምስል ላይ ይሰመራል። ባለይዞታው፣ አዋሳኞቹና የቀበሌው የመሬት ኮሚቴ ባሉበት የተሰመረው መስመር በኮምፒውተር ገብቶ ካርታ ይኾናል።

የምስሉን ክብደት በቀላል ስሌት ማየት ይቻላል። አንዷ የምስል ነጥብ በመሬት ላይ 25 ሴንቲ ሜትር በ25 ሴንቲ ሜትር ብትሸፍን አንድ ሄክታር 160 ሺህ ነጥብ ይኖረዋል። እያንዳንዷ ነጥብ ለቀለም 3 ባይት ስትወስድ አንድ ሄክታር 480 ሺህ ባይት፣ አንድ ካሬ ኪሎ ሜትር ደግሞ 48 ሚሊዮን ባይት ይኾናል። 1,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ስፋት ያለው ወረዳ ምስሉ ሳይታመቅ 48 ቢሊዮን ባይት ይወስዳል። እንዲህ ያሉ 46 ወረዳዎች አንድ ላይ ሲቀመጡ የ2 ቴራባይቱ ገደብ ይሞላል። ከዚህ ላይ የተቃኙ የማመልከቻ ቅጾች፣ የባለይዞታዎች ፎቶዎችና የመጠባበቂያ ቅጂዎች ይጨመራሉ።

በፍላሽ የሚጓዘውም ምስል ገደብ አለበት። ከ89 ካሬ ኪሎ ሜትር ትንሽ የሚበልጥ ያልታመቀ ምስል በአንድ ፋይል ሲቀመጥ ከ4 ጊጋባይት ያልፋል። በፋት 32 የተዘጋጀ ፍላሽ 64 ጊጋባይት ባዶ ቦታ ቢኖረውም ይህን ፋይል አይቀበልም። ሠራተኛው ፍላሹ ተበላሽቷል ብሎ ሌላ ሲገዛ፣ ሌላውም እንደዚያው ይኾንበታል።

ኔትወርኩ ምን ይለውጣል?

አሮጌ ኮምፒውተር ገደብ ካለበት፣ ትልቅ ማከማቻን በኔትወርክ ማገናኘቱ ምን ይጠቅማል? መልሱ ክፍልፋዮቹን የሚቆጥረው ማን ነው በሚለው ላይ የተመሠረተ ነው።

ዲስኩ በቀጥታ በኮምፒውተሩ ላይ ሲሰካ ክፍልፋዮቹን የሚቆጥረው ኮምፒውተሩ ራሱ ነው። ስለዚህ ባለ 32 ቢቱ ዊንዶውስ ኤክስፒ ከ2 ቴራባይት በላይ ለኾኑ ዲስኮች የተዘጋጀውን "ጂ ፒ ቲ" የተባለ አዲስ ሠንጠረዥ ማንበብ አይችልም። ዲስኩ በኔትወርክ ማከማቻ ውስጥ ሲኾን ግን ቆጣሪው ሌላ ነው። ማከማቻው ራሱን የቻለ ትንሽ ኮምፒውተር ነው፤ የራሱ ኦፕሬቲንግ ሲስተም አለው፤ ክፍልፋዮቹንም በራሱ ይቆጥራል። አሮጌው ኮምፒውተር የሚልከው ጥያቄ "የዚህን ማኅደር ዝርዝር አሳየኝ፤ ይህን ፋይል ከዚህ እስከዚህ ስጠኝ" የሚል ብቻ ነው።

በጎተራና በቁና ሊመሰል ይችላል። ቁና ይዞ የመጣ ሰው የጎተራውን ስፋት መለካት አይጠበቅበትም። የጎተራው ጠባቂ የፈለገውን ያህል ሰፍሮ ይሰጠዋል። በዚህም ምክንያት ኤክስፒ የጫነ ኮምፒውተር በቀጥታ ሊያነበው የማይችለውን ባለ 8 ቴራባይት ማከማቻ በኔትወርክ ሲያገኘው ፋይሎቹን ከፍቶ መሥራት ይችላል።

ነገር ግን ሦስት ጥንቃቄዎች አሉ።

አንደኛው የአገናኝ ዓይነት ነው። "አይ ስካዚ" የሚባለው አገናኝ ማከማቻውን በኔትወርክ ቢያመጣውም እንደ ጥሬ ዲስክ አድርጎ ያቀርበዋል። ያን ጊዜ ክፍልፋዮቹን የሚቆጥረው እንደገና አሮጌው ኮምፒውተር ስለሚኾን የ2 ቴራባይቱ ገደብ ይመለሳል። ለዊንዶውስ ኮምፒውተሮች የተለመደው "ኤስ ኤም ቢ" እና ለዩኒክስና ለሊኑክስ የተለመደው "ኤን ኤፍ ኤስ" ግን የሚያቀርቡት ዲስክን ሳይኾን ፋይልን ነው።

ሁለተኛው የአገናኙ ዕድሜ ነው። እ.ኤ.አ በ1989 የታተመው የኤን ኤፍ ኤስ ሁለተኛ እትም የፋይልን ቦታ በ32 ቢት ስለሚቆጥር ከ2 ጊጋባይት በላይ የኾነ ፋይል ላይ አይሠራም። በ1995 የወጣው ሦስተኛው እትም ቁጥሩን ወደ 64 ቢት አሳድጎ ይህን ገደብ አስወግዷል። ስለኾነም በአሮጌ ዩኒክስ ኮምፒውተር ላይ ትናንሾቹ ፋይሎች ያለችግር ተከፍተው ትልቁ ምስል እምቢ ሲል መጀመሪያ መፈተሽ ያለበት እትሙ ነው።

ሦስተኛው የማከማቻው የራሱ ዕድሜ ነው። የኔትወርክ ማከማቻም ያረጃል። 32 ቢት ቁጥርና 4 ኪሎባይት ክፍልፋይ የሚጠቀሙ የቀድሞ የሊኑክስ የፋይል አደረጃጀቶች አንድን ቮልዩም ከ16 ቴራባይት በላይ አያደርሱም። አዳዲስ ዲስኮችን በአሮጌ ማከማቻ ላይ መጨመር የታሰበ እንደኾነ ከግዢ በፊት ይህ መጣራት አለበት።

ባዶው ጎተራ "ሞልቷል" ሲባል

ብዙ ሠራተኞችን ግራ የሚያጋባው ሌላ ክስተት አለ። ማከማቻው ተገናኝቷል፤ ማኅደሮቹም ይታያሉ። ኾኖም አንድ አሮጌ ፕሮግራም ሊያስቀምጥ ሲል "በቂ ቦታ የለም" ይላል። በማግስቱ ያው ፕሮግራም ያለምንም ችግር ያስቀምጣል።

ምክንያቱ ፕሮግራሙ ከማስቀመጡ በፊት ነጻ ቦታ ስንት እንደኾነ መጠየቁ ነው። መልሱን የሚጽፍበት ቦታ 32 ቢት ከኾነ ከመልሱ ላይ 4 ጊጋባይት እየተገደፈ ቀሪው ብቻ ይያዛል። ነጻው ቦታ 8 ጊጋባይት ከኾነ ቀሪው ዜሮ ነው፤ ፕሮግራሙም ዲስኩ ሞልቷል ይላል። 7 ጊጋባይት ከኾነ ቀሪው 3 ጊጋባይት ነው። ፕሮግራሙ አንዱን ቢት ለምልክት የሚጠቀም ከኾነ ግን ይህ ቁጥር ከዜሮ በታች አንድ ጊጋባይት ኾኖ ይነበባል። 5 ጊጋባይት ሲኾን ቀሪው አንድ ጊጋባይት ስለኾነ ፕሮግራሙ ይሠራል። ማከማቻው 3 ቴራባይትም ቢኾን የሚወስነው ከአራት አራት ጊጋባይት የተረፈው ቀሪ ነው። "ትናንት እምቢ ብሎ ዛሬ ሠራ" የሚባለው ነገር ተአምር አይደለም፤ በመካከሉ የተቀመጡ ፋይሎች ቀሪውን ስለለወጡት ነው።

በማይክሮሶፍት ሥርዓት ውስጥ ነጻ ቦታን የሚጠይቀው የቀድሞው ትእዛዝ በዊንዶውስ 95 ላይ ከ2 ጊጋባይት በላይ አይናገርም ነበር። በኋላ ለትልልቅ ዲስኮች ሌላ ትእዛዝ ቢጨመርም፣ ቀድመው የተጻፉ ፕሮግራሞች አሮጌውን ትእዛዝ መጠየቃቸውን ቀጥለዋል። ስለዚህ ኦፕሬቲንግ ሲስተሙ ትልቁን ቁጥር ቢያውቅም ፕሮግራሙ ላያውቀው ይችላል።

ለዚህ ችግር የተዘጋጀ መፍትሔም አለ። ከዊንዶውስ ኮምፒውተሮች ጋር ፋይል ለመጋራት የሚያገለግለውና እ.ኤ.አ በ1992 በአውስትራሊያ የተጀመረው "ሳምባ" የተባለ ነጻ ሶፍትዌር በብዙ የኔትወርክ ማከማቻዎች ውስጥ ይሠራል። ሳምባ "ማክስ ዲስክ ሳይዝ" የተባለ ማስተካከያ አለው። ይህ ማስተካከያ ማከማቻው ለአሮጌው ኮምፒውተር ትንሽ መስሎ እንዲታይ ያደርጋል። እውነተኛውን አቅም ግን አይቀንስም፤ ከተነገረው መጠን በላይም ማስቀመጥ ይቻላል። ለአሮጌ ማኪንቶሾች ማከማቻ የሚያጋራው "ኔታቶክ"ም ተመሳሳይ ማስተካከያ አለው። በሌላ አነጋገር ጎተራው እንዳለ ሰፊ ነው፤ ለቁናው የሚነገረው ግን ቁናው ሊቆጥረው የሚችለው ብቻ ነው።

የመጠን ችግር የሚመስል የደኅንነት ጉዳይ

አሮጌ ኮምፒውተር አዲስ ማከማቻን ሲያጣው ምክንያቱ ሁልጊዜ መጠን አይደለም። ዊንዶውስ ኤክስፒ የሚያውቀው የመጀመሪያውን የኤስ ኤም ቢ እትም ብቻ ነው። ይህ እትም ለጥቃት የተጋለጠ መኾኑ በግልጽ የታየው እ.ኤ.አ በግንቦት ወር 2017 "ዋናክራይ" የተባለው ቤዛ ጠያቂ ቫይረስ በብዙ አገሮች የሚገኙ ኮምፒውተሮችን ፋይሎች በቆለፈ ጊዜ ነበር። በዚያው ዓመት መጸው ላይ የወጣው የዊንዶውስ 10 እትም የመጀመሪያውን የኤስ ኤም ቢ እትም በነባሪነት መጫን አቆመ። ብዙ አዳዲስ ማከማቻዎችም ዘግተውት ይመጣሉ።

እዚህ ላይ አንድ ፈተና አለ። አሮጌው ኮምፒውተር እንዲሠራ ተብሎ አሮጌው እትም በአዲሱ ማከማቻ ላይ ሲከፈት በሩ የሚከፈተው ለአንድ ኮምፒውተር ብቻ ላይኾን ይችላል። ማይክሮሶፍት ለኤክስፒ የሚሰጠውን ድጋፍ እ.ኤ.አ ሚያዝያ 8 ቀን 2014፣ ለዊንዶውስ 7 ደግሞ ጥር 14 ቀን 2020 አቁሟል። ድጋፍ በሌለው ኮምፒውተር በኩል የገባ ቫይረስ የሚቆልፈው የኮምፒውተሩን ፋይል ብቻ አይደለም፤ የተገናኘውን ማከማቻ በሙሉ ሊቆልፍ ይችላል። የወረዳው የመሬት መዝገብ በአንድ ማከማቻ ላይ ብቻ ካለ አደጋው የወረዳው ሁሉ ይኾናል።

አሮጌውን ኮምፒውተር መጣልም ቀላል አማራጭ አይደለም። በፋብሪካዎች የመቁረጫና የማተሚያ ማሽን፣ በመጋዘኖች የጭነት ሚዛን፣ በቤተ ሙከራዎች የመለኪያ መሣሪያ የሚታዘዝበት ፕሮግራም በአሮጌ ዊንዶውስ ላይ ብቻ የሚሠራበት ጊዜ አለ። ኮምፒውተሩን መለወጥ ማሽኑን መለወጥ ሲኾን ዋጋው ከኮምፒውተሩ ጋር አይወዳደርም።

ምን ማድረግ ይገባል?

በመጀመሪያ ምንም ከመነካቱ በፊት ያለው መረጃ መገልበጥ አለበት። በዘርፉ የተለመደው ምክር ሦስት ቅጂ መያዝ፣ ቅጂዎቹን በሁለት የተለያዩ ዓይነት ማስቀመጫዎች ማኖርና አንዱን ከሕንጻው ውጭ ማድረግ ነው።

ሁለተኛ፣ ከ2 ቴራባይት በላይ የኾነ ዲስክ በኤክስፒ ወይም ከዚያ በፊት በነበረ ኮምፒውተር ላይ በቀጥታ አይሰካ። አሮጌው ኮምፒውተር ያልገባውን ዲስክ ባዶ ወይም ያልተዘጋጀ አድርጎ ሊያየው ይችላል። በዚህ ጊዜ "ላዘጋጀው ወይ?" ለሚለው ጥያቄ "አዎ" ማለት መዝገቡን መደምሰስ ሊኾን ይችላል።

ሦስተኛ፣ የኔትወርክ ማከማቻው በዘመናዊው የጂ ፒ ቲ ሠንጠረዥና በ64 ቢት የፋይል አደረጃጀት ይዘጋጅ። ለአሮጌው ኮምፒውተር ሲባል ማከማቻውን በአሮጌ መልክ ማዘጋጀት አያስፈልግም፤ ክፍልፋዮቹን የሚቆጥረው ማከማቻው ራሱ ነውና።

አራተኛ፣ ለአሮጌው ኮምፒውተር ሙሉው ማከማቻ አይሰጥ። ለሥራው የሚያስፈልገው አንድ ማኅደር ብቻ በኮታ ተወስኖ ይጋራ። ብዙዎቹ ማከማቻዎች የማኅደሩን ኮታ እንደ ዲስኩ መጠን አድርገው ለተጠቃሚው ስለሚያሳዩ የቁጥሩ ችግር አብሮ ይቃለላል። ቫይረስ ቢገባም የሚደርሰው እዚያው ማኅደር ድረስ ነው። ፕሮግራሙ አሁንም ቦታ የለም ካለ የሳምባውን ማስተካከያ መጠቀም ይቻላል። ቁጥሩም ፕሮግራሙ በሚችለው ልክ ይመረጥ፤ በ31 ቢት ለሚቆጥር ፕሮግራም ከ2 ጊጋባይት ትንሽ ያነሰ መኾን ይኖርበታል።

አምስተኛ፣ አሮጌዎቹ ኮምፒውተሮች ከኢንተርኔት ተለይተው በራሳቸው የኔትወርክ ክፍል ይቀመጡ። የመጀመሪያውን የኤስ ኤም ቢ እትም በዋናው ማከማቻ ላይ ከመክፈት ይልቅ በመካከል አንድ አነስተኛ የሊኑክስ ኮምፒውተር ማቆም ይሻላል። አሮጌው ኮምፒውተር ፋይሉን ለመካከለኛው ይሰጣል፤ መካከለኛው ደግሞ በአዲሱና በተሻለው እትም ወደ ዋናው ማከማቻ ያደርሰዋል። ለዚህ ሥራ አዲስ ኮምፒውተር መግዛት ግድ አይደለም።

ስድስተኛ፣ ሥራ ከመጀመሩ በፊት ይፈተሽ። ከ2 ጊጋባይትና ከ4 ጊጋባይት የሚበልጡ ሁለት የሙከራ ፋይሎች ከአሮጌው ኮምፒውተር ወደ ማከማቻው ተገልብጠው ተመልሰው ይምጡ። ኮምፒውተሩ ራሱ ያን ያህል ፋይል መያዝ የማይችል ከኾነ ሥራው በሚፈቅደው ትልቁ ፋይል ይሞከር። የሄደውና የመጣው ፋይል በባይት ቁጥርና "ቼክ ሰም" በሚባለው የፋይል አሻራ ይነጻጸሩ። ቼክ ሰም ከፋይሉ ይዘት የሚሰላ አጭር ቁጥር ሲኾን ከፋይሉ አንዲት ፊደል እንኳ ብትለወጥ ቁጥሩ ይለወጣል። የፋይሉ ስም በዝርዝሩ ውስጥ መታየቱ ይዘቱ በሙሉ መድረሱን አያረጋግጥም።

ከግዢ በፊት የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የኔትወርክ ማከማቻ ግዢ ሲታሰብ በብዛት የሚጻፈው መስፈርት "ይህን ያህል ቴራባይት" የሚል ነው። ይህ ብቻውን አይበቃም። ከማከማቻው ጋር የሚገናኙት ኮምፒውተሮች ዝርዝር፣ የኦፕሬቲንግ ሲስተማቸው እትም፣ የሚሠሩባቸው ፕሮግራሞችና ትልቁ ፋይላቸው ስንት እንደኾነ አብሮ መጻፍ አለበት። ማከማቻው አንድን ቮልዩም እስከ ስንት ቴራባይት እንደሚያደርስ፣ የትኞቹን የአገናኝ እትሞች እንደሚቀበልና ለየማኅደሩ ኮታ መስጠት እንደሚችል ሻጩ በጽሑፍ ሊመልስ ይገባል።

እነዚህን ጥያቄዎች ለመጠየቅ የኮምፒውተር ምሑር መኾን አያስፈልግም። የግዢ ሠራተኛው፣ የመዝገብ ቤት ኀላፊውና የአይሲቲ ባለሙያው አንድ ላይ ተቀምጠው በአንድ ገጽ ሊጽፏቸው የሚችሉ ናቸው። ያ ገጽ ሳይጻፍ የተገዛ ማከማቻ ግን ከፊሉ ሳይሠራበት ሊቀመጥ፣ ወይም መዛግብት ሳይሟሉ ሊገቡበት ይችላል።

የገጠሩ ነዋሪ የማከማቻውን መጠንም ኾነ የአገናኙን እትም አያውቅም፤ ማወቅም አይጠበቅበትም። እርሱ የሚያውቀው ማሳው በተለካ ዕለት ቆሞ ወሰኑን ማሳየቱን፣ መፈረሙንና ደብተሩን መቀበሉን ነው። ደብተሩ በዝናብ ቢርስ ወይም በእሳት ቢቃጠል ቢሮው ዘንድ ቅጂ አለ ብሎ ያምናል። ያ ቅጂ በእርግጥ እንዳለ ማረጋገጥ መዝገቡን የተረከበው ቢሮ ኀላፊነት ነው። የማረጋገጫው መንገድም ግልጽ ነው፤ በየጊዜው ጥቂት ፋይሎችን ከማከማቻው አውጥቶ ከፍቶ ማየትና ከመጀመሪያው ቅጂ ጋር ማነጻጸር ነው።